ቀዶ ጥገናው አልቋል፤ ጨረሩስ?

«ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ያው ሐኪም «ጨረርም ያስፈልግዎታል» ሲል ግን ግራ መጋባት ይመጣል። ወጥቷል ከተባለ ምን ቀረና ነው? ከሁለት አንዱ ውሸት መሆን አለበት ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት አይደለም፤ ወይ ቀዶ ጥገናው አልተሳካም፣ ወይ ገንዘብ ተፈልጓል። ሁለቱ ንግግሮች ግን አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ቀዶ ሐኪሙ «ወጥቷል» የሚለው ዓይኑ ያየውንና ጣቱ የዳሰሰውን ነው። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ከዚያ ይሰፋል፤ ማይክሮስኮፕም የማያገኘው ሴል አለ። የጨረሩ ጥያቄ የሚነሳው ስለዚህ ስለማይታየው ነው።

የአፍ ካንሰር ሲባል የምላስን የፊት ሁለት ሦስተኛ፣ ከምላስ በታች ያለውን ወለል፣ ጉንጭን፣ ድድን፣ ጠንካራውን ላንቃና ከንፈርን የሚይዘው ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ የሚነሳው አፍን ከውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ገጽ ሲሆን ሐኪሞች ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ይሉታል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ትምባሆና አልኮል ናቸው። በደቡብ እስያ የአሬካ ፍሬ ማኘክ፣ በየመንና በደቡብ ሳዑዲ በጂዛን አካባቢ ደግሞ ከንፈር ሥር የሚያዘው የትምባሆ ዱቄት ይጨመሩበታል። የኛው ጫት በራሱ ካንሰር ያመጣል ወይ የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም፤ ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ሲጋራ ግን ክርክር የለበትም። ከቶንሲልና ከምላስ ሥር፣ ማለትም ከጉሮሮ የሚነሳው ካንሰር ሌላ በሽታ ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ውጭ ያለ ዘመድ «አሁን እኮ የጨረሩን መጠን እየቀነሱት ነው» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ሲልክ፣ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው በኤች.ፒ.ቪ. ቫይረስ ምክንያት ስለሚመጣው የጉሮሮ ካንሰር ነው። ያ ውጤት ወደ አፍ ካንሰር አይሻገርም።

ለአፍ ካንሰር ቀዳሚው ሕክምና ቢላ ነው። በ1998 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ አንድ የብሪታንያ ሙከራ ቀዶ ጥገናን ከጨረር ጋር አጣምሮ ከጨረር ብቻ ጋር ሊያነጻጽር ተነስቶ፣ 35 ታማሚዎች ብቻ እንደመዘገበ ተቋርጧል፤ ጨረር ብቻ ያገኙት ወገኖች በግልጽ እየተጎዱ ስለነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ቢላ ወይስ ጨረር» ሳይሆን «ለማን ነው ቢላው ብቻውን የሚበቃው» የሚለው ነው።

መልሱ ያለው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ገደማ በሚወጣው የፓቶሎጂ ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ታማሚዎች ይህን ወረቀት ታጥፎ በፖስታ ተቀብለው ሳይከፍቱት ለሐኪሙ ያስረክቡታል። እኔ እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ ቢያንስ አምስት መስመሮቹን። አንድ የተለመደ ዓይነት ምሳሌ ልፍጠር፦ የምላስ ግራ ጎን፤ ስፋት 2.4 ሴንቲ ሜትር፤ ጥልቀት 7 ሚሊ ሜትር፤ የቅርቡ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር፤ በነርቭ ዙሪያ ስርጭት ታይቷል፤ ከአንገት ከወጡ 28 ንፍፊቶች አንዱ ተይዟል፤ ከሽፋኑ አልወጣም።

ስፋቱን ሁሉም ይረዳዋል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ይበልጥ ይናገራል። በምላስ ላይ ሰፋ ብሎ የተነጠፈ ዕጢ፣ አነስ ብሎ ወደ ጡንቻው ከጠለቀው ዕጢ ያነሰ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ የጠለቀው ወደ ደም ሥሮች፣ ወደ ነርቮችና ወደ አንገት የሚወስዱ መንገዶችን ቀድሞ ያገኛልና። ዓለም አቀፉ የደረጃ አሰጣጥ ይህን በይፋ የተቀበለው ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ስምንተኛ እትም ነው። ጥልቀቱ 5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ዕጢው ትንሽ ቢሆንም ወደ ሁለተኛው፣ 10 ካለፈ ወደ ሦስተኛው የዕጢ መጠን መደብ ይሸጋገራል። የምሳሌያችን ዕጢ በስፋቱም በጥልቀቱም ሁለተኛ መደብ ላይ ነው።

ጠርዝ የሚባለው በካንሰሩ መጨረሻና በተቆረጠው ሥጋ ዳር መካከል ያለው ጤናማ ሥጋ ነው። ፓቶሎጂስቱ የተቆረጠውን ሥጋ ውጫዊ ገጽ በቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በስሱ ቆራርጦ ከካንሰሩ እስከ ቀለሙ ያለውን ርቀት ይለካል። 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ንጹሕ ይባላል፤ ከዚያ ካነሰ ቅርብ ነው፤ ካንሰሩ ቀለሙን ከነካ ወይም ሊነካው ከደረሰ ዳሩ ተይዟል። ሥጋ ከተቆረጠ በኋላ ይኮማተራል። አፍ ውስጥ እያለ አንድ ሴንቲ ሜትር የነበረው ጤናማ ዳር ላቦራቶሪ ሲደርስ ከዚያ አንሶ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ብቻውን ቀዶ ሐኪሙን አያስወቅስም። ዳሩ በእርግጥ ተይዞ ከሆነና ተመልሶ መቁረጥ የሚቻል ከሆነ ግን ቀድሞ የሚመረጠው ዳግም ቀዶ ጥገና ነው። ጨረር የቀረን የካንሰር ሥጋ ሊያጸዳ የተላከ ሳሙና አይደለም፤ ጥሩ የሚሠራው በዓይን የማይታይ ቅሪት ላይ ነው።

በነርቭ ዙሪያ መስፋፋት ካንሰሩ የነርቭን ሽፋን ተከትሎ ዕጢው ካለበት ርቆ እንደሚሄድ ያሳያል። ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ግን የአንገቱ መስመር ነው። ሐኪሞች ሊምፍ ኖድ የሚሏቸው ንፍፊቶች አንድም ካልተያዙ ትልቅ ተስፋ ነው። አንድ ተይዞ ሽፋኑን ካልቀደደ መካከለኛ ነገር ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተያዙ፣ ወይም ከአንገት በታችኛው ክፍል ያሉት ከተያዙ ሥጋቱ ይጨምራል። ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ቀዶ ወደ አካባቢው ስብ ከፈሰሰ ደግሞ በአፍ ካንሰር ወረቀት ላይ ሊጻፉ ከሚችሉት ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ለዚህ ነው አንገቱ ሳይነካ ምላሱ ብቻ የተቆረጠለት ሰው የጨረር ውሳኔው ግማሹ በጨለማ የሚሆነው፤ ሊነበብ የሚገባው መስመር ባዶ ነው።

በሁለቱ ጫፎች ላይ ክርክር የለም። ዕጢው ትንሽና ከ5 ሚሊ ሜትር ያልጠለቀ፣ ዳሩ ንጹሕ፣ ነርቭና የደም ሥር ያልተነካ፣ አንገቱ ተመርምሮ ባዶ ከሆነ ጨረር አይሰጥም። መስጠቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም አያመጣም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ትልቅ ዕጢ፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የገባ፣ ብዙ ንፍፊት የያዘ፣ ዳሩ የተያዘ ወይም ከንፍፊት ሽፋን የወጣ ካንሰር ጨረር ይሰጠዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ካሉ ጨረሩ ከኬሞቴራፒ ጋር ይሆናል። ሰውና ሐኪም ተቀምጠው መነጋገር ያለባቸው በመሃል ስላለው ነው፤ የምሳሌያችን ወረቀት የዚያ መሃል ነዋሪ ነው።

መሃሉ ለምን አወዛጋቢ እንደሆነ ለመረዳት ማስረጃው ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሙከራ ጨረር ከቀዶ ጥገና በፊት ይሰጥ ወይስ በኋላ ብሎ ጠይቆ፣ በኋላ ሲሰጥ በሽታው በአካባቢው ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል እንደሚያንስ አሳየ። በ1993 የቴክሳሱ ኤም.ዲ. አንደርሰን ማዕከል ሐኪሞች ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል ለሚለው መልስ ሰጡ፤ ዝቅተኛው 57.6፣ ንፍፊት ሽፋኑን ላፈነዳበት ደግሞ 63 ገደማ። ዛሬ የሚሰጠው 60 ግሬይ በ30 ቀን፣ ለከፍተኛ ሥጋት 66 በ33 ቀን ከዚያ ብዙ አልራቀም። የዚያው ማዕከል ሐኪሞች የመሩትና በ2001 የታተመ ሌላ ሥራ ታማሚዎችን በፓቶሎጂ ወረቀታቸው ለሦስት ከፈላቸው፤ ምንም የሥጋት ምልክት የሌለባቸው ያለ ጨረር ተለቀቁ፣ ውጤታቸውም ጥሩ ነበር። «ለኔ ያልታዘዘልኝ ችላ ተብዬ ነው ወይ?» ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህ መልስ ይሆነዋል።

ጨረር ያገኙትንና ያላገኙትን ፊት ለፊት በዕጣ ያነጻጸረ ሙከራ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከሕንድ በ1996 የታተመ አንዱ በጉንጭ ካንሰር በገፉ ደረጃዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ጨረር የተጨመረላቸው ከበሽታው ነጻ ሆነው በመቆየት በግልጽ በልጠዋል። ከዚያ በኋላ «ጨረር አንሰጥም» የሚል ቡድን ለገፋ በሽታ ማቋቋም ከሥነ ምግባር አንጻር ከባድ ሆነ። በ2004 በአንድ መጽሔት እትም ጎን ለጎን የወጡት ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ የአውሮፓው በ334 እና የአሜሪካው በ459 ታማሚዎች፣ የጠየቁት ጨረር ይሰጥ አይሰጥ ሳይሆን በጨረሩ ላይ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ይጨመር ወይ የሚል ነበር። በአውሮፓው ሲስፕላቲን ከተጨመረላቸው አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 53 በመቶ ሲሆኑ ጨረር ብቻ ካገኙት 40 በመቶ ነበሩ። የአሜሪካው በአካባቢው በሽታን በመቆጣጠር 82 ከ72 አስመዝግቦ በዕድሜ ላይ ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አላሳየም፤ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም ከ34 ወደ 77 በመቶ ዘለለ። ሁለቱ ተደምረው እንደገና ሲመረመሩ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ዳሩ ለተያዘና ንፍፊቱ ለፈነዳ ታማሚ ነው። ያ ድምዳሜ ዛሬም የየሆስፒታሉ መመሪያ ነው።

የምሳሌያችን ሰው በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ንፍፊት፣ ያልፈነዳ፤ ዳር 3 ሚሊ ሜትር፤ ነርቭ ላይ ምልክት። ስለ እርሱ የምናውቀው ከታማሚዎች መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተጠና ነገር ነው። የአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ሲጠና አንድ ንፍፊት የተያዘባቸውና ጨረር ያገኙ ሰዎች በተለይ ዕጢያቸው ከሁለተኛው መደብ ሲሆን ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ግን አንድ የታወቀ ድካም አለው፤ ጨረር የሚላከው ብዙ ጊዜ ጠንከር ላለው ሰው ነው፣ ጠንከር ያለ ሰው ደግሞ ያለ ጨረርም ይቆያል። መመሪያዎች ለዚህ ሰው «ይሰጠው» ሳይሆን «ይታሰብበት» የሚሉት ለዚህ ነው።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አንድ መካከለኛ ምልክት ብቻ ካለ፣ ለምሳሌ 4 ሚሊ ሜትር ዳር ብቻ፣ ወይም በትንሽ ነርቭ ላይ የታየ ብቻ፣ በቅርብ ክትትል መጠበቅ አይነወርም፤ በተለይ ሰውየው በየወሩ ገደማ ለምርመራ መምጣት ከቻለና በሽታው ቢመለስ ሌላ ቀዶ ጥገና የሚቻል ከሆነ። ምልክቶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ሲደራረቡ ግን፣ እንደ ምሳሌያችን፣ ሚዛኑ ወደ ጨረር ያደላል። የአፍ ካንሰር ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ሲመለስም ከመጀመሪያው ይከብዳል። «ቢመለስ ያን ጊዜ ጨረር እንሰጣለን» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ቢጥምም፣ ያን ጊዜ የሚሰጠው ጨረር በዓይን ለሚታይ ዕጢ የሚሰጥ ሌላ ሕክምና ነው፤ የመፈወስ ዕድሉም ያነሰ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን አንድ ነገር ተሟልቶ እንደሆነ ነው፦ ጨረሩ በሰዓቱ ከመጣ። ከቀዶ ጥገናው ቀን እስከ ጨረሩ መጀመሪያ ስድስት ሳምንት የሚለው ገደብ ዛሬ በብዙ አገር የሕክምና ጥራት መለኪያ ሆኗል። የ2001ዱ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ጥገናው ቀን እስከ መጨረሻዋ ጨረር ያለውን ጠቅላላ ጊዜ ቆጥሮ፣ በ11 ሳምንት ውስጥ የጨረሱት ከ13 ሳምንት ካለፉት እጅግ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀሪ ሴሎች ቁስሉ እስኪድን ቆመው አይጠብቁም፣ ይባዛሉ። ጨረሩ ከተጀመረ በኋላም የምትዘለል እያንዳንዷ ቀን ከመቆጣጠር ዕድሉ አንድ በመቶ ገደማ ትቀንሳለች ተብሎ ይገመታል። ማሽን ቢበላሽ ወይም በዓል ቢገባ በቅዳሜ ወይም በአንድ ቀን ሁለቴ፣ በመካከሉ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ተትቶ፣ ማካካስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እነዚህን ስድስት ሳምንታት የሚበሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ወረቀቱ ዘግይቶ ይወጣል። ቁስሉ ያመረቅዛል። ከዚያ የጨረር ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ያይና «እነዚህ ጥርሶች መነቀል ነበረባቸው» ይላል፤ ከተነቀለ በኋላ ድዱ እስኪድን ሌላ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ጥርሱ ግን ቀዶ ጥገናው ላይ ሰውየው ተኝቶ እያለ በዚያው ማደንዘዣ ሊነቀል ይችል ነበር። የጥርስ ሐኪሙና የጨረር ሐኪሙ ታማሚውን ከቀዶ ጥገናው በፊት አንዴ ቢያዩት ይህ ሁሉ አይመጣም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለ ጥያቄ የሚመስለው የጨረር ጉዳይ ከፊሉ ተወስኖ የሚያልቀው ቢላው ሳይነሳ በፊት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ነገር በእጥፍ ይከብዳል። ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ፣ በኋላ ከመቶ ሚሊዮን ላለፈው ሕዝብ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ያውም በኮባልት ማሽን። በቅርብ ዓመታት ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው ዘመናዊ የጨረር ማሽን ገብቶለታል፣ ጅማና ሐረርም ተጨምረዋል፤ ወረፋው ግን አሁንም በሳምንት ሳይሆን በወር የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ቀጠሮው ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ ከሆነ ሐኪሙ ያዘዘውና ታማሚው የሚያገኘው ሕክምና አንድ አይደሉም። ያን ጊዜ ሳይመረመር ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ማስተኛት ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ አፉና አንገቱ በእጅና በሲቲ ስካን ተፈትሾ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከተመለሰ መጠኑም ዓላማውም ይቀየራል።

የጨረር ወረፋው ረጅም በሆነበት አገር ቀዶ ሐኪሙ በጨረር ተማምኖ ዳሩን ማጥበብ ወይም አንገቱን መተው የለበትም። በሙምባይ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ያደረገውና በ2015 የታተመው ሙከራ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ የአፍ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች አንገት ወዲያው ማጽዳትን፣ ንፍፊት እስኪታይ ከመጠበቅ ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሦስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 80 በመቶ ለ67.5 ሆነው ተገኙ። ይህ ለኛ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ሰውን ያድናል፣ ወረቀቱንም ሙሉ ያደርገዋል። አንገቱ ተጸድቶ ባዶ የተገኘለት ሰው ከወረፋው ሊወጣ ይችላል፤ ቦታው የንፍፊቱ ሽፋን ለተቀደደበት ይሆናል። የሪፈር ወረቀቱም የፓቶሎጂ ውጤቱን ሳይጠብቅ፣ ትልቅ ዕጢ ያለው ሰው ገና ቀዶ ጥገና ሲቀጠር አብሮ ቢጻፍ ከወረፋው አንድ ወር ይቆረጣል። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ከመጣ ቀጠሮ መሰረዝ ቀላል ነው።

አቅም ያለው ወደ ሕንድ ወይም ታይላንድ ይሄዳል። እዚያ ቀዶ ጥገናውን አድርጎ፣ የስድስት ሳምንት ጨረር የቤት ኪራይና የአስታማሚ ወጪው ስለከበደው «ቀሪውን አገሬ እጨርሳለሁ» ብሎ የሚመለስ አለ። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በአየር ትኬት ሒሳብ ነው። ከመሄዱ በፊት የጨረሩን ወጪ ከቀዶ ጥገናው ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር፣ አለዚያም አገር ቤት ቀጠሮ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ጨረሩ ራሱስ ምን ያስከፍላል? የመጀመሪያው ቀን ጭምብል ይሠራል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ወረቀት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከርና ሲለሰልስ ከግንባር እስከ ትከሻ ፊት ላይ ይሳባል፤ ሞቅ ያለና እርጥብ ነው። በጥቂት ደቂቃ ደርቆ የዚያን ሰው አገጭና አፍንጫ ይይዛል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዚያው ጭምብል ከጠረጴዛው ጋር ተቆልፎ ሩብ ሰዓት ያህል ይተኛል። ጨረሩ አይሰማም፣ አያቃጥልም። ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ነው። አፍ ውስጥ ነጭ ቁስል ይወጣል፤ ምራቅ ይወፍራል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ምግብ ጣዕሙን ያጣል። በበርበሬ ያደገ ሰው ሽሮውን አልጫ አድርጎ እንኳ መዋጥ ያቅተዋል፤ አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ሾርባ፣ ወተትና እንቁላል የሚበዙበት ጊዜ ነው። ክብደት በፍጥነት ከወረደ በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ይህን እንደ ሞት ምልክት አይተው እምቢ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቱቦው ግን ሕክምናው እንዳይቋረጥ የሚገባ ጊዜያዊ መተላለፊያ ነው። ጨረሩ ካለቀ በኋላ ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ይድናል።

ምራቁ ግን ሙሉ ላይመለስ ይችላል። እዚህ ላይ የማሽኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በ2011 የታተመ የብሪታንያ ሙከራ የጉሮሮ ካንሰር ያለባቸውን ታማሚዎች በተለመደው ጨረርና የምራቅ ዕጢን በሚያተርፈው ዘመናዊ አሰጣጥ አነጻጽሮ፣ ከዓመት በኋላ መካከለኛ ወይም ከዚያ የባሰ የአፍ ድርቀት ያለባቸው 74 በመቶ የነበረው ወደ 38 ወርዷል። በኮባልት ይህን ያህል ማተረፍ አይቻልም። አፍ እንደ ልብ አለመከፈት፣ የአንገት መጠንከር፣ የታይሮይድ መድከምም ይከተላሉ። ትምባሆውን ሳያቆም ጨረር የሚወስድ ሰው ደግሞ ጉዳቱን እያበዛ ጥቅሙን ይቀንሳል።

ኬሞቴራፒ ሲጨመር ሁሉም ይበረታል። በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠው 100 ሚሊ ግራም በስኩዌር ሜትር ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ይፈትናል። ከጃፓን በ2022 የታተመ ሙከራ በየሳምንቱ 40 ሚሊ ግራም መስጠት ከቀድሞው እንደማያንስ አሳይቶ ለብዙ ሆስፒታሎች እፎይታ ሰጥቷል፤ የታታ ሐኪሞች ቀደም ብለው የሞከሩት 30 ሚሊ ግራም ግን በቂ ሆኖ አልተገኘም። ከ70 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች የኬሞው ተጨማሪ ጥቅም እየመነመነ ስለሚሄድ ለእነርሱ ጨረር ብቻ መምረጥ አያሳፍርም። በ2025 ደግሞ አሜሪካ ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ የሚሰጥ ፔምብሮሊዙማብ የተባለ የበሽታ መከላከያን የሚያነቃቃ መድኃኒት አጽድቃለች። እዚያ የሚታከሙ ወገኖቻችን ከቀዶ ጥገናው በፊት ሊጠይቁት ይገባል፤ አጀማመሩ ከቢላው በፊት ስለሆነ በኋላ ቢጠየቅ ጊዜው አልፏል።

ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ከሕክምናው እኩል ይከብዳል። «አባባ እንዳይሰሙ፤ ስሙን ከሰሙ ይደነግጣሉ» ብሎ ሐኪሙን በር ላይ የሚይዝ ልጅ ክፋት የለውም። ነገር ግን አባባ ለሠላሳ ቀን ጭምብል ሊለብሱ ነው፤ በወረፋው አግዳሚ ላይ ከጎናቸው የሚቀመጠው ሰው በመጀመሪያው ቀን ይነግራቸዋል። ይብሱኑ፣ ለምን እንደሚሠቃዩ ያልተነገራቸው ሰው በሦስተኛው ሳምንት አፋቸው ሲቃጠል «በቃኝ፣ ጠበሌን ልጠጣ» ብለው ቢነሱ ማን ምን ይላቸዋል? ጠበሉ ከጨረሩ ጋር አይጣላም፤ ማታ ጠበል ተጠጥቶ ጠዋት ማሽኑ ሥር መተኛት ይቻላል። የሚጎዳው የተጀመረው ሲቋረጥ ነው። ግማሽ ጨረር ጉዳቱን ሰጥቶ ጥቅሙን የሚያስቀር የከፋ ምርጫ ነው፤ ከመጀመሪያው አለመጀመር ይሻላል የምልባቸው ሰዎችም አሉ፤ በጣም የደከሙ፣ የሚያመላልሳቸው ያጡ፣ ወረቀታቸውም መሃል ላይ የሆነ። አንድ የሰባ ስምንት ዓመት እናት አንድ ንፍፊት ተይዞባቸው «ልጆቼ ቤት ተኝቼ ክትትሌን ልጠብቅ» ቢሉ ሐኪሙ ሊያከብረው የሚገባ ውሳኔ ነው፣ አደጋው በግልጽ ከተነገራቸው።

ሁለተኛ አስተያየት የሚፈልግ ሰው ውጭ ላለ ዘመድ የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ልኮ ይጠብቃል። ፎቶው የሚያሳየው የመጀመሪያው ፓቶሎጂስት ያየውን ብቻ ነው። የሚላከው ሥጋው የተቀበረበት የሰም ብሎክና መስታወቱ ቢሆን ሌላ ፓቶሎጂስት ጠርዙንና ጥልቀቱን እንደገና ይለካል፤ መካከለኛ ወረቀት ወደ አንዱ ጫፍ የሚሸጋገርበት ጊዜ አለ። ብሎኩን ጠይቆ መውሰድ ይቻላል። የቀዶ ጥገናው ማስታወሻም አብሮ ይሂድ፤ ተጨማሪ ዳር ከተቆረጠ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚገኘው እዚያ ላይ ነውና።

ጨረሩ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ አንድ ወረቀት ዕድሜ ልክ መቀመጥ አለበት፦ ስንት ግሬይ፣ መንጋጋው በየትኛው ወገን እንዳገኘው የሚገልጸው። ጨረር ያገኘ የታችኛው መንጋጋ ደም በደንብ አያገኝም፤ ከዓመታት በኋላ እንኳ ጥርስ ቢነቀልበት አጥንቱ ላይድን፣ ሊሞትና በድድ በኩል ሊወጣ ይችላል። ሰፈር ውስጥ ያለው የጥርስ ሐኪም ይህን ከታማሚው ፊት አያነብም። ጉጠቱ ሳይነሳ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት፤ ጥርሱን በመሙላት ወይም ሥሩን በማከም ማዳን የሚቻል ከሆነ ከመንቀል ያ ይቀድማል።